ኡርሱ ወደ ግራ ብቻ ሲዞር

ይህን የምጽፍላችሁ ላስፈራችሁ ብዬ አይደለም። እኔ ራሴ ሰው የሚያወራውን ቶሎ የማላምን ሴት ነኝ። ጎረቤቴ የሞተች አክስቷን ወንዝ ዳር እንዳየቻት ስትነግረኝ፣ መነጽርሽን ቀይሪ ብዬ የላክኋት እኔ ነኝ።

ይሄኛውን ግን በዓይኔ አይቻለሁ። በቀን ብርሃን... በገዛ ቤቴ... ሌላ ሰው አጠገቤ ቆሞ።

ዕለቱ ሐሙስ ነበር። ለፋሲካ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ።

ሰዓቱን እንዴት ያዝሽው የሚል ካለ፣ የከብት ሐኪሟ ስልኳን አይታ ጮክ ብላ ተናግራዋለች። ማታ ደግሞ ሆስፒታል ውስጥ ሌላ ሐኪም፣ ምንም ሳንነግረው፣ ወደዚያው ሰዓት መለሰን።

ስሜ ሳፍታ ይባላል። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። የምንኖረው ሩማንያ ውስጥ፣ ከሲቢዩ ከተማ በላይ ተራራው ላይ ነው፤ መንደራችን የበግ አርቢዎች መንደር ነው። ባሌ ጋቭሪል በግ ያረባል፣ እኔ አይብ እሠራለሁ። የኔን አይብ የማያውቅ የለም። ድሮ ይህን የምናገረው በኩራት ነበር።

አንድ ልጅ ብቻ ነው ያለችኝ። ዛምፊራ። ስሙ የእናቴ ነው።

ዛምፊራ ካገባች ሰባት ዓመት ሙሉ ልጅ አልያዘላትም። የመንደሩ ሴቶች ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሆዷን እያዩ ሰላም ይሏት ነበር። ፊቷን ሳይሆን ሆዷን። እኔም መልስ የምሰጠው ቸግሮኝ አያውቅምና አንዳንዶቹን አስለቅሻቸዋለሁ።

በሰባተኛው ዓመት ልጄ ተሳለች። ልጅ ከሰጠኸኝ ዐቢይ ጾምን አንዲት ቀን ሳላጎድል እጾማለሁ፣ ከወተት ከሥጋ እርቃለሁ ብላ።

በዚያው መኸር አረገዘች።

ባሏ ኔሉ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ሳምንታት መንገድ ላይ ያድራል። ስለዚህ ሆዷ ሲገፋ ወደኛ መጣች። ጾሙ ሲገባ ስድስተኛ ወሯን ጨርሳ ነበር። ከልብሷ ቦርሳ ጋር ውሻዋንም ይዛ መጣች።

ኡርሱ በኛ ቋንቋ ድብ ማለት ነው። የኛው ድብ ከድመት ብዙም አይበልጥም። ጋቭሪል መጀመሪያ ሲያየው፣ እሱ ተኩላ የሚያባርሩ ውሾች ያሳደገ ሰው፣ ከላይ እስከ ታች ገምግሞ፣

«ይሄ ውሻ ነው ወይስ የፀጉር ቆብ?» አለ።

በኛ መንደር ውሻ ቤት ውስጥ አያድርም። ነውር ነው። ኡርሱ ግን የሚያድረው የልጄ አልጋ ላይ ነበር። ጋቭሪል ሦስት ቀን ሙሉ አጉረመረመ። በአራተኛው ቀን ጠረጴዛ ሥር ዳቦ ሲያጎርሰው ያዝኩት።

ኡርሱ አንድ ልማድ ነበረው። ዛምፊራ ስትቀመጥ ጭኗ ላይ ወጥቶ ጆሮውን ሆዷ ላይ ያደርጋል። ልጁ ሲራገጥ ቀና ይላል፣ ያየናል፣ እንደገና ጆሮውን ያስጠጋል። እንስቅ ነበር። በዚያ ቤት እንደዚያ የተሳቀበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ጾሙ ገባ። ቦሎቄ፣ ድንች፣ የበቆሎ ገንፎ በሽንኩርት። ለኔና ለጋቭሪል ምንም አይደለም። ልጄ ግን ከሰች። ከንፈሯ ነጣ። ፀጉሯን ስታበጥር ማበጠሪያው ላይ የሚቀረው በየቀኑ ይበዛ ነበር።

ብዪ አልኳት። ተስያለሁ አለችኝ። ለመንኳት። ተቆጣኋት። ሁለቱም አልሠራም።

ስለዚህ ሳትሰማ ቄሱ ጋ ሄድኩ። ነገርኳቸው። እርጉዝ ሴት በጾም አትገደድም፣ ሂጂና ፈትቻታለሁ በያት፣ ስለቱን ከወለደች በኋላ ትፈጽማለች አሉኝ። እየሮጥኩ ነው ወደ ቤት የተመለስኩት። በሃምሳ ሰባት ዓመቴ።

ዛምፊራ ስትሰማ አለቀሰች። ዓይኗን ጠርጋ፣

«እሺ እማዬ። ላንቺ ስል እበላለሁ» አለች።

ይህን ቃል አልረሳውም። ላንቺ ስል...

በዚያ ወቅት ወተት አይገኝም። ግልገሎቹ ይጠቡታል። ግን አንዲት በግ ነበረችን፣ ፊቷ ጥቁር። የካቲት ላይ የሞተ ግልገል ወለደች። ጡቷ ሞልቶ የሚጠባው አጣ።

«ለዛምፊራ የተላከ ነው» አልኩ። በገዛ አፌ።

ከዚያች በግ ወተት ትናንሽ ድቡልቡል አይብ ሠርቼ በጨርቅ ቋጥሬ ምድር ቤት ሰቀልኳቸው። ወተቱን አላፈላሁትም። የፈላ ወተት አይብ አይሆንም፣ እናቴም አላፈላችም። ምድር ቤታችን ደግሞ ጣት ያደነዝዛል። ቅዝቃዜ ካለ ምንም አይበላሽም ብዬ ነው የኖርኩት።

በየቀኑ ምሳ ላይ ወፍራም ቁራጭ እቆርጥላትና ትይዩዋ እቀመጣለሁ። እስክትጨርስ አልነሳም። ድስት ለማማሰል ዞር የምልባት ጊዜ ትንሽ ናት። በዚያች ትንሽ ጊዜ ምን ታደርግ እንደነበር ያወቅሁት በኋላ ነው።

በጾሙ በሁለተኛው ሳምንት፣ አንድ ጠዋት፣ ጋቭሪል ከበረቱ ጠራኝ።

ጥቁር ፊቷ በግ ትዞራለች።

አንገቷን ወደ ግራ ሰብራ፣ አንድ ቦታ ላይ፣ ክብ እየሠራች። ጭቃው ውስጥ መንገዷን ቆፍራዋለች።

«አዙሪት ነው» አለ ጋቭሪል።

በኛ መንደር አዙሪትን የማያውቅ የለም። የበግ አንጎል ውስጥ ትል ይገባል፣ በጓ ስትዞር ኖራ ትሞታለች። ሕጉንም ሁሉም ያውቃል። በጓን ማረድ፣ ጭንቅላቷን ጥልቅ ጉድጓድ መቅበር፣ ውሻ እንዳይነካው መጠንቀቅ። ውሻ ጭንቅላቱን ከበላ ትሉን ለመንጋው ይመልሰዋል። ወተቱና ሥጋው ግን ምንም አያደርጉም።

ሕጉን ፈጸምን። ጋቭሪል ከአጥሩ ጀርባ እስከ ወገቡ ቆፈረ። እኔ ራሴ ድንጋይ አንከባልዬ ላዩ ላይ ጫንኩበት። እንደኛ የሚጠነቀቅ የለም ብዬ እጄን ታጠብኩ።

አንድ ነገር አይቼ ነበር... አልደብቃችሁም። የበጓ ግራ ጆሮ ተንጠልጥሎ ነበር። ለሃጯ በአንድ ጎን ብቻ ይወርዳል። መዞር ከጀመረች ደግሞ ሦስት ቀኗ ነበር፣ እና ስትታረድ መቆም አቅቷት ነበር። አዙሪት የያዘው በግ ወራት ይቆያል። ይህንን አውቃለሁ። አየሁት፣ ሥራ ነበረብኝ፣ አለፍኩት።

ዛምፊራ አይቧን መብላት ቀጠለች።

ከአሥር ቀን በኋላ መሰለኝ፣ ኡርሱ ዳቦ ሲበላ ከአፉ እየወደቀበት አየሁ። በግራ በኩል ብቻ።

በማግስቱ ግራ ዓይኑ አልጨፈን አለ።

ይተኛል፣ ያንኮራፋል፣ ግራ ዓይኑ ግን ተከፍቶ ያያል።

«እማዬ እዪው፣ አንዱን ዓይን ለጥበቃ ትቶታል» አለች ዛምፊራ እየሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

በሦስተኛው ቀን ጆሮው ወደቀ። ግራው።

እሑድ ከቅዳሴ ተመልሰን ቁጭ ብለናል። ዛምፊራ ወንበሯ ላይ የሕፃን ካልሲ ትሠራለች። የጥፍር ድምፅ ሰማሁ። ጠቅ... ጠቅ... ጠቅ...

ኡርሱ ወንበሯን ይዞራል።

አንገቱን ሰብሮ። ወደ ግራ።

ዛምፊራ አነሳችው፣ አቀፈችው፣ አስቀመጠችው። ወዲያው ቀጠለ። ጋቭሪል ማንኪያውን አስቀመጠና አየኝ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ጭንቅላቱን ማን አበላው?»

«ማንም።»

«ሳፍታ። ማን አበላው?»

አካፋ ይዘን ከአጥሩ ጀርባ ሄድን። ዝናቡ ያካፋል። ድንጋዩ እንዳስቀመጥኩት ነው፣ ዙሪያው ምንም የተጫረ ነገር የለም። ቢሆንም ጋቭሪል ቆፈረ። ብዙ ቆፈረ።

የበጓ ጭንቅላት እዚያው ነበር። ሙሉውን። አንድም ጥርስ አልነካውም። ቅዝቃዜው ስላቆየው ፀጉሯ እንኳ አልረገፈም... ግራ ዓይኗ አፈር ውስጥ ተከፍቶ ነበር።

«አልበላም» አለ ጋቭሪል በሹክሹክታ።

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«አላውቅም።»

ሠላሳ ስድስት ዓመት አብሬው ስኖር ስለ በግ አላውቅም ሲል የሰማሁት ያን ቀን ነው።  ድንጋዩ ላይ ቁጭ አልኩ።

በዚያው ሰሞን ዛምፊራ ወገቤን አመመኝ አለች። በረደኝ አለች። ግንባሯን ስነካት ትንሽ ይሞቃል። ጉንፋን ነው ብዬ የሊንደን አበባ ሻይ በማር አፍልቼ አጠጣኋት፣ በብርድ ልብስ ጠቀለልኳት። በሁለተኛው ቀን ለቀቃት። ይኸው ለቀቀሽ አልኳት፣ እኔ ያዳንኳት ይመስል።

ኡርሱ ግን እየባሰበት ሄደ። ግንባሩን ግድግዳ ላይ ይለጥፍና ይገፋል። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት። ብትጎትቱት ተመልሶ እዚያው ቦታ ይሄዳል።

ሲዞር ደግሞ ሌላ ነገር አስተዋልኩ። እስከ ዛሬ የገለጸልኝ የለም።

የሚዞረው እሷን ብቻ ነበር።

የተቀመጠችበትን ወንበር። የተኛችበትን አልጋ። ግቢ ውስጥ ልብስ ስታሰጣ የቆመችበትን ቦታ። እኔ ወንበሯ ላይ ብቀመጥ ያልፈኛል። እሷ ስትመለስ ይጀምራል። ግቢው ጭቃ ላይ ክቦች ቀርተው ነበር፣ ሁሉም ዛምፊራ የቆመችበት።

ማክሰኞ ዕለት መቆም አቃተው። አልጋዋ እግር ሥር አነጠፍንለት።

ረቡዕ ምሳ ላይ ዛምፊራ አይቧን ገፋ አደረገችና፣

«እማዬ፣ ከትናንት ጀምሮ ብዙም አልተንቀሳቀሰም» አለችኝ።

«ማን? ኡርሱ?»

«ልጁ።»

ማንኪያዬን አላስቀመጥኩም። እንዲያውም ሳቅሁባት።

«አድጎ ነዋ። ቦታ ጠበበው። ተኝቶ ነው» አልኳት።

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ።

ሐሙስ ጋቭሪል የከብት ሐኪሟን አስመጣ። ዶክተር ቪዮሪካ ትባላለች፣ ወጣት ናት፣ ቁም ነገረኛ። ኡርሱን የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስተኝታ ከንፈሩን ገለጠች። ዓይኑን በጣቷ ከደነችው። ጣቷን ስታነሳ ተመልሶ ተከፈተ።

 ከዚያ ስለ በጎቹ ጠየቀችኝ። የዞረች በግ አለች ወይ? ነበረች አልኳት። ስንት ቀን ዞረች? ሦስት። ፊቷ በአንድ ጎን ወድቆ ነበር? ነበር። ግልገሏስ? ሞቶ ተወለደ። ክረምቱን ምን በሉ? በላስቲክ ተጠቅልሎ የከረመ እርጥብ ሣር። ላስቲኩ ተቀዶ ነበር? አይጥ በስቶት ነበር፣ የሻገተውን እየጣልን ነው ያበላናቸው።

ኡርሱን አቅፋ መልሳ አልጋው ሥር አስተኛችው። አልጋዋ ላይ ጋደም ያለችውን ዛምፊራን ሰላም አለቻት። ከዚያ እጄን ይዛ እስከ በሩ ወሰደችኝና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«እትዬ ሳፍታ፣ ይሄ አዙሪት አይደለም።»

«ታዲያ?»

«ሊስቴሪያ የሚባል ጀርም ነው። ከሻገተው ሣር ይነሳል። ወተት ውስጥም ይገባል። ውሻው ምን በላ?»

«የበላነውን... ዳቦ...»

«የዚያችን በግ ወተት?»

 ኡርሱን አይብ አብልቼው አላውቅም። ግን ከየት እንዳገኘው ያን ጊዜ ገባኝ። ድስት ሳማስል... ጀርባዬን ስሰጥ...

«አይቡ ምድር ቤት ነው» አልኩ። «በጣም ይበርዳል። ቅዝቃዜው አይገድለውም?»

«አይገድለውም። ቅዝቃዜ ውስጥ ያድጋል።»



«ከአይቡ የበላ ሰው አለ?»

«ጾም ላይ ነን» አልኩ።

በረጅሙ ተነፈሰች። ተመስገን አለች። ከዚያ ፊቴን አየች። ምን እንዳየች አላውቅም፣ ግን የያዘችኝ እጅ ጠበቀ።

«ሁላችሁም?»

ወደ ውስጥ፣ ወደ ልጄ አልጋ ዞሬ አየሁ።

«እትዬ ሳፍታ... ሁላችሁም ትጾማላችሁ?»

ከውስጥ የዛምፊራ ድምፅ መጣ። የተረጋጋ ነበር።

«እማዬ... ኡርሱ ተነሳ።»

ሮጥን።

ሁለት ቀን ሙሉ መቆም ያቃተው ውሻ በአራት እግሩ ቆሟል። አንገቱ ቀና ብሏል። አልተሰበረም። ወለሉን አቋርጦ ወደ ልጄ መጣ... ቀጥ ብሎ። ወደ ግራ አላለም። አንዲት እርምጃ እንኳ አላዛነፈም።

አልጋው ላይ ወጣ። ጆሮውን ሆዷ ላይ አደረገ።

ቆየ።

 ዛምፊራ ራሱን ልትዳብሰው እጇን አንስታ አየር ላይ አቆመችው።

ቆየ...

ከዚያ ቀና አለ። እሷን አላየም። እኔን ነው ያየኝ፣ በዚያ በማይጨፈነው ዓይን።

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። ደግሞ አንድ። ከአልጋው ወረደ። ጀርባው ግድግዳ እስኪነካ ድረስ ወደ ኋላ እየሄደ ከሆዷ ራቀ። እዚያ ቁጭ ብሎ ድምፅ አወጣ። ዋይታ ነው ልበላችሁ? ውሻ እንደዚያ ሲል ሰምቼ አላውቅም።

ዶክተር ቪዮሪካ ስልኳን አየች። ለራሷ እንደምትናገር ሆና፣

«ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ» አለች። ከዚያ ወደኔ ዞረች። «ልብሷን አልብሻት። መኪናዬ ውስጥ። አሁን።»

ቁልቁለቱን ስንወርድ ዛምፊራ ከኋላ ወንበር ላይ፣ አጠገቤ፣ ትከሻዬን ተደግፋለች። ሁለት እጇ ሆዷ ላይ ነው።

«ተኝቶ ነው አይደል እማዬ?»

«ተኝቶ ነው» አልኳት።

አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ ሆስፒታሉ ውስጥ፣ ሐኪሙ መሣሪያውን ሆዷ ላይ አደረገ። አንቀሳቀሰው። ሌላ ቦታ አደረገው። ድምፅ እንጠብቃለን... ያንን የፈጠነ የልብ ድምፅ፣ ባለፈው ወር ስልክ ላይ ቀድታ ያሰማችኝን። የሚሰማው የማሽኑ ጩኸት ብቻ ነበር።

ሐኪሙ መሣሪያውን አስቀመጠ። ቀስ ብሎ ነገራት። ብዙ አልቆየም፣ ምናልባት ሁለት ሦስት ሰዓት ቢሆነው ነው አለ። ሳምንት ቀደም ብላችሁ... ብሎ ጀመረና አየኝ፣ አልጨረሰውም።

ወንድ ነበር። ምንም አልጎደለውም። ጥፍር ነበረው። የጋቭሪል አገጭ ነበረው። ዛምፊራ ከአንድ ሰዓት በላይ አቀፈችው። ካልሲዎቹን ቤት ረስተናቸው ስለነበር እግሩን በእጇ ይዛ ቆየች። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ ነበር። ቀርበሽ እቀፊው አለችኝ። አልቻልኩም። አሁንም የሚያቃጥለኝ እሱ ነው... አልቀረብኩም።

ያን ሌሊት ትኩሳቷ ተመልሶ መጣ። ሳምንት ሙሉ በመድኃኒት አቆዩአት። ደሟን ሲመረምሩት ዶክተር ቪዮሪካ ያለችው ጀርም ራሱ ተገኘ፤ ልጁን የገደለው እሱ ነበር። ልጄ ተረፈች።

ኔሉ ከመንገድ የመኪናውን ቁልፍ በእጁ እንደያዘ ደረሰ፣ እስከ ማታ አላስቀመጠውም። ጋቭሪል ትንሽ ሣጥን ሠራ። ሲሠራ የመዶሻው ድምፅ ይሰማል፣ ይቆማል፣ ብዙ ይቆያል፣ ደግሞ ይሰማል። ቄሱ መጥተው አብረውን አለቀሱ። እሳቸውን አልወቅስም። የሰጡኝ የለመንኳቸውን ነው።

የቀረውን አይብ አቃጠልኩት። ከዚያ ወዲህ አይብ አልሠራሁም፣ አልሠራምም።

ኡርሱስ?

ኡርሱ ዳነ። ዶክተር ቪዮሪካ መርፌዋን አላቋረጠችም፣ በሦስተኛው ሳምንት መብላት ጀመረ።

እውነቱን ልንገራችሁ... ጠላሁት። የልጅ ልጄ መሬት ውስጥ ሆኖ ውሻ በቤቴ ጭራውን ሲቆላ ማየት አቃተኝ። አንድ ቀን ጋቭሪልን፣ ተራራ አውጥተህ ተወው አልኩት። ዛምፊራ ከበሩ ጀርባ ሰምታለች።

ገብታ ትይዩዬ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ ግማሹን ለሱ ነበር የምሰጠው።»

«አውቃለሁ።»

«ስለቴን ግማሹን እንኳ ልጠብቅ ብዬ ነው። ሐኪሙን ጠየቅሁት። ሙሉውን በልተሽ ቢሆን አንቺም ላትተርፊ ትችይ ነበር አለኝ።»

ጠረጴዛው ላይ ያለውን ፍርፋሪ በእጄ ሰበሰብኩ።

«በዚህ ቤት ያልጾምነው እኔና እሱ ነን። እሱ ከወጣ እኔም እወጣለሁ።»

ከዚያ በኋላ ስለዚያ ጉዳይ አንድ ቃል አልተናገረችኝም። አንቺ ነሽ ያበላሽኝ አላለችም። ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። ብትጮህብኝ፣ ሳህን ብትወረውርብኝ። እሷ ግን ጠዋት ጠዋት እማዬ እንዴት አደርሽ ትለኛለች። እኔም ደህና እላታለሁ።

ይኸው ዓመት ሞላው። ደግሞ ጾም ገባ። ኔሉ ወደ ቤታችን እንመለስ ይላታል፣ ትንሽ ልቆይ ትለዋለች። ኡርሱ ፊቱ እንደተጣመመ ቀረ እንጂ ደህና ነው። አይዞርም።

የምጽፍላችሁ ባለፈው ማክሰኞ ስለሆነው ነገር ነው።

ከሰዓት በኋላ ነው። ፀሐይ በመስኮት ገብታለች፣ ወጥ ቤቱ ብሩህ ነው። እኔ ድንች እልጣለሁ። ዛምፊራ ወንበሯ ላይ ሹራብ ትሠራለች፣ የክር ኳሱና መርፌዎቹ እግሯ ሥር ወለሉ ላይ ናቸው። ኡርሱ በሩ ላይ ተጋድሟል።

ኡርሱ ቀና አለ።

ጭራው ወለሉን መምታት ጀመረ። ከዚያ ተነስቶ ከበሩ ፈቀቅ አለ። መንገድ ለቀቀ። ሰው ሲገባ እንደሚለቀው።

በሩ ላይ ማንም የለም።

ዓይኑ ግን ይከተላል። ዝቅ ብሎ... በራሱ ቁመት ልክ። ከበሩ ተነስቶ ቀስ እያለ ወለሉን ያቋርጣል። ጠረጴዛው እግር ጋ ሲደርስ ቆመ። ትንሽ ቆየ። ደግሞ ቀጠለ። ወደ ዛምፊራ ወንበር።

«ምን እያየ ነው ይሄ ውሻ?» አልኩ። ድምፄ የኔ አልመስል አለኝ።

 ዛምፊራ አልደነገጠችም። ጎንበስ ብላ መርፌዎቹን አንድ በአንድ ከወለሉ ለቀመችና ጠረጴዛው ላይ፣ ራቅ አድርጋ አስቀመጠቻቸው። ከዚያ ሕፃን እንደምታነሳ ሆና ሁለት እጇን ዘርግታ ወደ ታች አወረደች።

የቀሚሷ ጫፍ ወደ ታች ተጎተተ።